አሥር ሰከንድ የማይበቃው ሰላምታ

ለውድ ወንድሜ ለሙህዲን፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህ ተሻለህ? የጆሃንስበርግ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሱቁስ ሰላም ነው? እኛ ናፍቆትህ ካልተቆጠረ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት።

ከመሄድህ በፊት በፎቶ ስቱዲዮአችን ኮምፒውተር ላይ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ስትጭን ምን እንዳልኩህ አትረሳም። አንድ ቤት ሁለት አባወራ አይችልም ብዬህ ነበር። ገና ሲበራ የሁለቱን ስም ደርድሮ ምረጡ ይላል፤ በአሥር ሰከንድ ካልመረጥን ራሱ ኡቡንቱ ውስጥ ይገባል። ቪዲዮ የሚያቀናብርልን ጉልላት የሚሠራው በዊንዶውስ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ተሯሩጠን ዊንዶውስን እንመርጣለን። አሥሩ ሰከንድ ከቀደመን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ያን ጊዜ የምትታማው አንተ ነህ።

ባለፈው ሳምንት ግን ጉድ ሆንን። አንድ ደንበኛ ፎቶ ሊያሳትም ያመጣው ፍላሽ ቫይረስ ነበረበትና የሠርጎቹ ፎልደሮች ድራሻቸው ጠፋ። የሌሎቹ ሲዲ ተሰጥቷል፤ የቀረው በጥር የተዳረችው የእህተማርያም ነበር። አባቷን ታውቃቸዋለህ፣ ባህል አዳራሽ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡትን አቶ ወልደጻድቅን። ሠርጉ ባለፈ በወሩ አረፉ። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ስለነበር ሲዲውን ሳይወስድ ቆየ፤ በካሴቱ ደግሞ እኛው ሌላ ሠርግ ቀርጸንበታል። ልጃቸውን ሲመርቁ የተቀዳው ድምፃቸው ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። የጠራነው ባለሙያ አይቶ ባዶ ነው፣ ፎርማት ይደረግ አለን። 

ሐሙስ ጠዋት ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያብሰለሰልኩ ኮምፒውተሩን ገና ከማብራቴ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቄ ከእህተማርያም ጋር ገቡ። ጥቁር የለበሰ ሰው በር ላይ ቆሞ ማን የኮምፒውተር ቁልፍ ይጫናል? ተነስተን ሳምናቸው፤ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው አልን። እሳቸውም በተራቸው የእማን ጉልበት፣ ያንተን ደህንነት ጠየቁ። ዞር ስል ኡቡንቱ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል።

ጉልላት እንደ ልማዱ ሊያጠፋው እጁን ሰደደና ቆም አለ። እስቲ ልየው ብሎ በኡቡንቱ በኩል የዊንዶውሱን ዲስክ ቢከፍተው ፎልደሮቹ አንድም ሳይጎድሉ አሉ! ለካ ቫይረሱ ከዊንዶውስ ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውም፤ ኡቡንቱ ደግሞ መደበቃቸውን ከቁብም አልቆጠረው። ቪዲዮውን ስንከፍተው አቶ ወልደጻድቅ በሠርጉ ቀን ኮታቸው ስክሪኑ ላይ ብቅ ብለው ውለጂ፣ ክበጂ ሲሉ ወይዘሮ ወርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ድገሚልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ የእኔ ግን ግማሹ እፎይታ ነበር። ያኔውኑ በሲዲ ገልብጠን ሰጠናቸው።

እማ ስነግራት ያዳነን ሰላምታችን ነው አለች። ጉልላት አሥሩን ሰከንድ ላስረዝመው ቢል እንዳትነካው አልኩት። አባወራነቱን ግን ለኡቡንቱ ሰጥቼዋለሁ እንዳይመስልህ፤ ጥሩ ተከራይ ነው፣ ይኑር።

ባለቤቴ አብዱልሃሚድ በጣም ሰላም ብሎሃል። ልጆቹ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ነው። ጉልላትም ከእንግዲህ አላማህም ብሏል። የእማ ሰላምታ ከሁላችንም ይረዝማል፤ እሱን አልጽፍልህም። ስልክ ስትደውል ደህና ነኝ ብለህ ትዘጋና እሷ ቀፎውን እንደያዘች ትቀራለች። አሁን ደውልና ከአፏ ስማው፤ እስክትጨርስ ግን አትዝጋ።

እህትህ አስማ
ሐዋሳ፣ መናኸሪያ
ሰኔ 3 ቀን 2001 ዓ.ም.