ከአልጋዋ ስር የተገኘው ቋጠሮ

ለወንድሜ ለታዲዮስ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ዝናብ ሲመጣ የሚያምህ ጉልበትህስ፣ የአሶሳ ሙቀት ተስማማው? ማርቲ ደህና ናት? ትንሹ አብይ ትምህርት ቤት መሄድ ለመደ ወይ? እኔ ጌታ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ምግብ ግን አልወርድ ብሎኛል። የጓሮው ቡና ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ የጠፋው የሚለቅመው ሰው ነው።

ስልክ ስደውል መስመሩ ይቆራረጣል እያልክ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ጻፍኩልህ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጎረቤቴ ሐያት ባሏ ዘንድ ወደ አሶሳ ስለምትመጣ በእጅህ ትሰጥሃለች።

ባለፈው ሳምንት መንገድ ሠሪዎቹ ልጄ ሳሮን ከእነሱ ጋር ስትሠራ ቡሌ ደጋ ላይ ትኖርበት የነበረውን ባለ ጎማ ቤት ጎትተው ዲላ አመጡት። የጋራዡ ሱፍያን፣ እማማ የልጅዎ ዕቃ ካለ መጥተው ይውሰዱ ብሎ ላከብኝ። ሄድኩ። ግማሹ ጠቁሯል። መሬት ስትለካ የምትጽፍበትን ደብተርና አንድ እግር ቦቲ ጫማዋን አገኘሁ። ሱፍያን ከአልጋዋ ስር ያለውን ጣውላ ነቅሎ ነበር። ውጭ ከተቀመጠው የጋዝ ሲሊንደር ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ቱቦ አሳየኝ። የመዳቡ ቱቦ መሀል ላይ ያልቃል። ከዚያ አንድ ክንድ የሚሆን የውሃ ጎማ ተቀጥሎበታል። መጋጠሚያው ላይ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ተጠምጥሞ በቃጫ ታስሯል። ሱፍያን ራሱን ነቅንቆ፣ ይህን የሠራው ባለሙያ ከሆነ እኔም ሐኪም ነኝ አለኝ። ማን እንደሠራው አያውቅም።

እኔ ግን አወቅሁት። ቃጫው ጫፉ ተለብልቧል እንጂ ቋጠሮው ተርፏል። ሁለት ጊዜ ዞሮ ከስር የሚገባው ቋጠሮ የአባታችን ነው። ቆጮ ለገበያ በኮባ ቅጠል ጠቅልለን ስናስር እጃችንን ይዞ ያስተማረን እኔንና አንተን ብቻ ነው። የእኔ ጫፍ በቀኝ ይወጣል። ያንተ፣ ግራኝ ስለሆንክ፣ በግራ። አባባ ይህን እያየ እንዴት ይስቅብህ እንደነበር ታስታውሳለህ። ከአልጋዋ ስር ያለውም በግራ ወጥቷል።

ማሞቂያውን ስትገጥምላት ቱቦው አጠረብህ። ይህ ይገባኛል። የዚያን ቀን ዝናብ ነበር፣ መንገዱም ጭቃ፤ ለአንዲት መጋጠሚያ ዲላ ድረስ መውረድ ከብዶህ ይሆናል። ግን ብትነግራት ኖሮ ሁለት ሦስት ቀን በብርድ ልብስ ታድር ነበር። ረቡዕ ዕለት ደውላ፣ እማዬ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይሸተኛል፣ አጎቴን ብጠይቀው ቱቦው አዲስ ሲሆን እንዲህ ነው፣ በሦስት ቀን ይጠፋል አለኝ አለችኝ። እኔስ ምን አልኳት? አጎትሽ ካለ ልክ ነው አልኳት። ይህን ቃሌን ይዤው እሞታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ማሞቂያውን ልታቀጣጥል ክብሪት ጫረች።

ስህተት ብቻ ቢሆን ያሳደግሁህ ነህና አልቅሼ እተወው ነበር። ነገር ግን ለቅሶ ቤት አቶ በቀለና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲጠይቁህ፣ ሳሮን የማሞቂያውን መክፈቻ ሳትዘጋ ተኝታ ነው፣ ስንት ጊዜ ነግሬያት ነበር አልክ። እያለቀስክ ነው ያልከው። እኔም አመንኩህ። ሴቶቹ የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ተጥደው ምን ትዝ ይላቸዋል ሲሉ ዝም አልኩ። ልጄ በገዛ ለቅሶዋ ስትታማ ዝም አልኩ፣ ታዲዮስ። ሱፍያን መክፈቻውንም አሳየኝ። ተዘግቷል። እሳቱ እንደተዘጋ አጣብቆታል። በር ቆልፋ እንደገና ተመልሳ የምትፈትሽ ልጅ እንደነበረች አንተም ታውቃለህ።

ለማንም ገና አልተናገርኩም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጥር ሳይወጣ ና። እሁድ ከአምልኮ በኋላ በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ቆመህ፣ ሳሮን ዘግታ ነበር በል። ካልመጣህ ቋጠሮውን ይዤ እኔ እቆማለሁ። አቶ በቀለ ከአባታችን ጋር ቆጮ ሲያስር የኖረ ሰው ነው፤ ሲያየው ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

ማርቲን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ይህን እንደማታውቅ አምናለሁ። እናቷንም ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። አብይን ጉንጩን ሳምልኝ። ሳሮን የገዛችለት ቀይ ሹራብ ከጠበበው ለሰው አትስጡብኝ፣ አጣጥፋችሁ በሐያት ላኩልኝ።

እስከ ዛሬ ለአንተ ስጽፍ መጨረሻ ላይ እናትህም እህትህም እያልኩ ነበር የምፈርመው። አሁን ልጽፈው ብዬ ብዙ ተቀመጥኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

የሳሮን እናት
ዲላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.