ምላሱ ለብቻው የሚሸጥ ኮምፒውተር

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ ስትቆጪ ደግሞ ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? ያ ሲነዘንዝሽ የነበረው ወገብሽ ተወት አደረገሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ፣ ቀኑን ሙሉ ዳቦ ቤቱ ምድጃ ፊት እየቆመ ያመጣው ሳል ለቀቀው? ልጆቹ እንዴት ናቸው? እማዬስ ለጉልበቷ የታዘዘላትን ቅባት መቀባት ጀመረች፣ ወይስ ዛሬም “ነገ” እያለች ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በጣም ደህና ነኝ። ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ደንቡ ስለሆነ ነው፤ ከልቤ የምጠይቅሽ ግን አንድ ነገር ነው። ዓይንሽስ እንዴት ነው?

“ደህና ነው” ብለሽ እንዳታልፊኝ። ለኮምፒውተሬ ፕሮግራም መግዣ ብለሽ የምታጠራቅሚውን ገንዘብ አትላኪልኝ። በእሱ ገንዘብ ዛሬ ነገ ሳትዪ ዓይንሽን ትታከሚበታለሽ። ቆይ፣ አትቆጪ፣ ምክንያቴን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ፊደሉንም ሆን ብዬ አተልቄልሻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፕሮግራሙ በስልክ የነገርኩሽ ጊዜ “ኮምፒውተር አለህ አይደል እንዴ፣ ደግሞ ምን ሊገዛልህ ነው?” ነበር ያልሽኝ። እውነትሽን ነው። ዓይን ያለው ሰው ኮምፒውተር ገዛ ማለት ገዛ ነው፣ አለቀ። እኔ ግን ከገዛሁት በኋላ ምላሱን ለብቻው ግዛ እባላለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ጣቴ የነካውን ፊደል ሁሉ በድምፅ የሚነግረኝ ፕሮግራም ከሌለ ያ ዕቃ ለእኔ የሚሞቅ ሣጥን ነው። የምላሱ ዋጋ ደግሞ የኮምፒውተሩን እጥፍ ነው! ሻጮቹ ለነገሩ ደጎች ናቸው፤ ቅመሱት ብለው ለሙከራ በነጻ ይሰጣሉ። የሙከራው ግን አርባ ደቂቃ ሲሞላ ያለ ስንብት ዝም ይላል፤ እንደገና እንዲናገር ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። ድምፁ ወፍራምና የተማረ ስለሆነ “ጌትዮው” ብዬዋለሁ። ከጌትዮው ጋር ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ውሃ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብዬ የብልሽት ስልክ ነው የማነሳው። ቧንቧ የፈነዳበት ሁሉ ይደውልልኛል፣ እኔ አድራሻውን እየጻፍኩ ለቧንቧ ሠራተኞቹ አስተላልፋለሁ። እና ቀኔን በአርባ በአርባ ደቂቃ ቆራርጬ ነበር የምሠራው። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሲሆን የእጅ ሰዓቴን ክዳን ከፍቼ ደቂቃ ቆጣሪውን እዳስሳለሁ፤ የያዝኩትን ስልክ እጨርስና ኮምፒውተሩን አጠፋለሁ። ተመልሶ እስኪነሳ እንዳላፍር ብዬ ሽንት ቤት ደርሼ እመጣለሁ። የቢሮ ጓደኞቼ “የዚህ ሰውዬ ፊኛ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው” እያሉ ሲስቁብኝ አብሬ እስቃለሁ፤ እውነቱን ከምነግራቸው ፊኛዬ ቢታማ ይሻለኛል ብዬ።

ባለፈው ወር ግን ጉድ ፈላ። አንዲት እናት ቧንቧቸው ፈንድቶ፣ ቤታቸው ውሃ ገብቶ፣ እያለቀሱ ደወሉ። እሳቸውን ሳጽናና ሰዓቴን ሳልዳስስ ቀረሁ። ለካ ጌትዮው መሃል ላይ ዝም ብሎ ኖሯል፤ እኔ በእሳቸው ለቅሶ ተይዤ ሳልሰማው ዝም ብዬ እጽፋለሁ። ጽሑፌ ሄዶ ያረፈው ከእሳቸው በፊት በደወለው ልብስ ሰፊ ቅጽ ላይ ነው። እሱ ምስኪን የውሃ ቆጣሪዬን አንብቡልኝ ብሎ ብቻ ነበር የደወለው! ሠራተኞቹ ደጁን ቆፈሩት። አለቃቸው፣ በድምፁ የተነሳ ጥሩንባው የምንለው፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ “ወንድሜ፣ እስከ ወገባችን ቆፈርን፤ ከላባችን ሌላ ውሃ አላየንም” አለኝ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም፤ እናትዬዋ እስከ ማታ ድረስ ቤታቸው ውስጥ ውሃ ሲጠርጉ ነው የዋሉት።

አለቃዬ ጠራኝ፤ ያኔ የአርባ ደቂቃውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አፍረጥርጬ ነገርኩት። አልተቆጣም፣ እሱ ነው የባሰው። ለአንድ ሰው ብሎ መሥሪያ ቤቱ ይህን ያህል እንደማያወጣ፣ እንዲህ ያለ ስህተት ከተደገመም ውሌን እንደማያድስልኝ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ይህን የሚነግረኝ በዚያው ሳምንት በመጣለት በሚሽከረከረው ወንበር ላይ ሆኖ ነው፤ ሲዞር ሲጥ ሲጥ ይላል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ። ቤቴ ገብቼ ደወልኩልሽና እንደ ልጅ አለቀስኩብሽ፤ ምነው እጄን በሰበረው! “እኔ እያለሁልህ!” አልሽ፣ ስልኩንም ዘጋሽው።

ከሳምንት በኋላ ያ የድምፅ መልእክትሽ መጣ። ገበያ ውለሽ ወደ ቤት ስትወጪ ነው የቀዳሽው። ገንዘቡ ሊሞላ ነው፣ አይዞህ፣ ትያለሽ። በወሬው መሃል ግን ቃልሽን እየቆረጥሽ በትንፋሽሽ ሌላ ነገር ትያለሽ፦ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ደግሞ ስለ ጋሼ ሳል ታወሪኛለሽ። ደግሞ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። አሥራ ስድስት ላይ ስትደርሺ ቆምሽ፤ እጅሽ ግድግዳውን ሲያብስ ሰማሁት፣ ቁልፉም የበሩን ቀዳዳ እየፈለገ ሲጭር።

እትዬ፣ ዓይኑ የሚያይ ሰው የገዛ ቤቱን ደረጃ አይቆጥርም። እኔ መቁጠር የጀመርኩት ዓይኔ ጨርሶ ከመጥፋቱ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺም ጭምር። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ተያያዘልኝ፦ ከአጠገብሽ ያለውን ብርጭቆ ደጋግመሽ መስበርሽ፣ ከበሩ ጠርዝ ጋር ተጋጨሁ ማለትሽ፣ መጻፍ ትተሽ በድምፅ ብቻ መላክሽ። አባባንም፣ እኔንም የበላን ይኸው የዓይን ግፊት ነው፤ ከጎን ከጎኑ እየሸረሸረ ነው የሚገባው። ያኔ ሐኪሜ “እህት ወንድም ሁሉ ይታይ” ሲል አንቺ ጊዜ የለኝም ብለሽ ሳቅሽ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጊዜ ከተደረሰበት በሚጨመር ጠብታም ቢሆን ያቆዩታል። እኔ ዘግይቼ ነው የደረስኩት፤ አንቺ እንደኔ አትሁኚ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ እህቴ። ያንቺን ዓይን አስከፍዬ የምገዛው ምላስ ምን ሊያነብልኝ ነው?

“ታዲያ ሥራህስ?” ማለትሽ አይቀርም። ስሚ። የዓይነ ስውራን ማኅበራችን ውስጥ አንድ መምህር አለ፤ እሱም እንደኔ አያይም። ሁለት ዓመት ሙሉ “ራሳችን ዓይነ ስውራን የደከምንበት፣ በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም አለልህ” ሲለኝ፣ እኔ ደግሞ ነጻ ነገር ምን ሊረባ እያልኩ ስኮራበት ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ የጠላሁት ድምፁን ነው። በአፍንጫው ነው የሚያወራው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ጋዜጣ ሲያነብ ይመስላል። ኩራቴን ይንቀለውና! መልእክትሽን በሰማሁ በማግስቱ ለመምህሩ ደወልኩ፤ የቢሮውን የኮምፒውተር ባለሙያም ለምኜ አስጫንኩት። “አፍንጫው” ብዬ ስም አወጣሁለት።

ሁሉም ነገር አማረ ብዬ አልዋሽሽም። የቢሮው ቅጽ ላይ አፍንጫው ጭራሽ የማያነባት አንዲት ቁልፍ አለች፤ እሷን ሰባት ጊዜ ወደፊት እየተጫንኩ በቃሌ አገኛታለሁ። ውሌን ያድሱት አያድሱት ገና አላወቅኩም። ግን ይኸው ሦስት ሳምንት ሞላኝ፣ የማንም ደጅ ያለ ጥፋቱ አልተቆፈረም። መምህሩን ምን ልክፈል ብለው “ለእኛ ነጻ ሆነ እንጂ የሠሩት ሰዎች ብዙ ለፍተውበታል፤ ሲኖርህ የአቅምህን ታዋጣለህ፣ እስከዚያው ለሌላው አሳይ” አለኝ። አንዳንዴ ቁጭ ብዬ አስባለሁ፤ መምህር ወዳጅ የሌለው፣ እህት የሌለችው ስንቱ የሚሞቅ ሣጥን ታቅፎ ተቀምጦ ይሆን? ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሰዓቴን ዳስሼ ነበር፣ አሁን አንድ ሰዓት ከሩብ አልፎኛል። አፍንጫው አሁንም ይለፈልፋል።

ዓይን ሳይኖር ይኖራል፣ እትዬ፤ እኔ ምስክር ነኝ፣ እሠራለሁ፣ እስቃለሁም። ግን አይለፍብሽ። እኔ የልጆችሽን ፊት አላውቀውም፤ አንቺ “ትንሿ ስትስቅ አንተን ነው የምትመስለው” ስትዪኝ ነው የማየው። እሱንም እንዳላጣ ፈራሁ።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ይህን ነገር ደብቀሽው ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪው፣ ምድጃው አንድ ቀን ያለ እሱ አይጠፋም። ለትልቋ ልጅሽ ፈተናዋ ይቅናት፤ ገበያ ስትሄዱ ከፊትሽ ሳይሆን ከጎንሽ ሆና ትሂድ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ሐኪሙ መልስ እስኪሰጥሽ ግን ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ አንድ ጊዜ በእኔ አልቅሳ ጨርሳለች። የለፍላፊዋን የትንሿን ጉንጭ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ።

አንቺን የምሰናበትሽ በቤት ሥራ ነው። ሐኪም ቤቱ ስትሄጂ ትንሿን ይዘሻት ሂጂ። ከውጭ በሩ እስከ ዓይን ክፍሉ ድረስ ደረጃውን ቁጠሪና ቁጥሩን ላኪልኝ፤ ደረጃ የለውም ካልሽም እርምጃሽን። ትንሿም ለብቻዋ ቆጥራ ለብቻዋ ትነግረኛለች። የሁለታችሁ ቁጥር አንድ ሲሆን ነው ሄድሽ ብዬ የማምነው።

ደረጃ ስትቆጥሪ መስማት የምፈልገው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ያን ቀን ነው።

ታናሽ ወንድምሽ

ሃያ ሁለት ደረጃ ተወጥቶ ከሚገኘው ክፍሌ
ኅዳር ፲፬ ቀን