ልጅ የለኝም ያልሁበት ቀን

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ በላይነሽ፤ ቡልጋ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? የጉልበትዎ ቁርጥማት በዚህ በኅዳር ውርጭ እንዴት አደረገዎ? አባባስ ዓይናቸው ደኅና ነው? ማኅሌቱን እስከ መጨረሻው ይቆሙታል ወይስ አሁን የሚቆምላቸው መቋሚያው ብቻ ነው? ወንድሜ ኃይለየሱስ፣ ባለቤቱ ሙሉአለም፣ ልጆቻቸው፣ ቀንደ ቆልማማዋ ላም ሳትቀር እንደምን ከረማችሁ? እኔም ባለቤቴ ገሠሠም የአምላክ ቸርነት ሳይለየን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ያጎደለብን ነገር የለም።

ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። እምዬ፣ ከልቅሶው ይነሡ። ልጂቱ አልሞተችም። ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ተቀምጣ የቀለሙን ብልቃጥ ልትገለብጥ እጇን እየሰደደች ነው፤ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሚያዩት ጥቁር ጣት የእሷ ነው። ስድስት ጥርስ አብቅላለች። ባለፈው ሐሙስ በኅዳር ሚካኤል ዓመቷን ደፈነች።

አባባ፣ ይህን ለእምዬ የሚያነቡላቸው እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። ደስ ያላለዎትን መስመር ዘለው ማለፍ እንደሚወዱም አውቃለሁ፤ ዳዊት ያስደገሙኝ እርስዎ ነዎትና ጠባይዎ አይጠፋኝም። የዛሬውን ግን አንዱንም ሳይዘሉ ያንብቡላቸው። ከፊሉ ያስቆጣዎታል። ይቆጡ፣ ግን ያንብቡ።

ነገሩን የሰማሁት ቅዳሜ ዕለት ነው። ገበያ ላይ ጤፍ ስሸምት የበቅሎ ነጋዴው ኑሬ፣ ያ እናንተ ዘንድ እየተመላለሰ መልእክት የሚያደርስልን፣ አንገቱን ደፍቶ መጣና አላህ ያጽናሽ አለኝ። በማን ብዬ ክው አልሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የመጡብኝ እርስዎ ነበሩ። በልጅሽ ነዋ አለኝ። ከዚያ እርስዎ ጠጉርዎን ተላጭተው፣ ነጠላዎን አዘቅዝቀው ሦስት ቀን ልቅሶ እንደተቀመጡ፣ አባባም ፍትሐት እንዳደረሱላት አንድ በአንድ ነገረኝ። በባለጤፉ ጆንያ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥሁ። ሰውዬው ተነሽ ያልተሸጠ ጤፍ ነው ቢለኝም አልሰማሁትም።

ይህ ሁሉ የሆነው በእኔ አፍ ነው። ከሥሩ ልንገርዎ።

የመጀመሪያው ልጄ በአራት ወሩ፣ ሁለተኛይቱ በስምንት ወሯ በንዳድ እንደተቀጠፉብኝ ያውቃሉ። ሦስተኛውን እርግዝና በሰሙ ጊዜ እርስዎ ቆላ ልጅ ይበላል፣ ይህን የሚወለደውን እንኳ ዓመት ሲሞላው ስደጂልኝና በደጋ ላሳድገው ብለው ላኩብኝ። እኔም ከፍርሃቴ እሺ አልሁ፤ በገዛ እጄ ጻፍሁልዎ። ያን ጊዜ ከሞት ያምልጥ እንጂ ማን ጋ እንደሚያድግ ማሰቢያ ልብ አልነበረኝም።

የወለድሁ ዕለት ግን ሌላም ነገር አደረግሁ፤ ይህን ለእናንተ አልነገርሁም። ልጅ ያልበረከተላት እናት ልጇን ትሸጣለች የሚለው ወግ የእኛም አገር ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ ገዛኸኝ ስሙን ከየት አገኘው? እኔም ሸጥኋት። የገዛቻት ቡዜ የምትባል የዚሁ የአዳማ ተወላጅ ጎረቤቴ ናት፤ ወተት ታመላልሳለች፣ አፏ እንደ ወተቷ አይጣፍጥም፣ ልቧ ግን ይጣፍጣል። ገና የልጂቱ እትብት ሲቆረጥ በጓሮ በኩል መጣችና አንድ እፍኝ ጨው በመዳፌ አድርጋ ተቀበለችኝ። ስሟንም ደራርቱ አለቻት፤ በእነሱ ቋንቋ አበባ እንደማለት ነው። እስከ ዓመቷ የእኔ ናት፣ አንቺ አጥቢ ብቻ ነሽ፣ ልጄ ብለሽ ብትጠሪያት ሞት ይሰማሻል አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አይጠይቁኝ። የመሪጌታ ወንድይራድ ልጅ ሞት እንዲንቃት ብዬ ሰባት ቤት ዞሬ እራፊ ጨርቅ ለመንሁ። አንዱን ቁራጭ ከጣቢያው አጠገብ ያለው የግሪኩ ባለሱቅ ሚስት ከአሮጌ መጋረጃዋ ቀድዳ ሰጠችኝ። ያንን ሁሉ ጠቃቅሜ ሰፋሁላት፤ ሲያዩዋት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተነሳች ነው የምትመስለው። ስታለቅስ የቡዜ ልጅ አለቀሰች እላለሁ። ስትስቅ እንዳላየ ሰው ፊቴን አዞራለሁ። ገሠሠማ ከሐዲድ ጥገና ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ የጎረቤት ልጅ እንደምን ዋለች ይልና ሳቁን ለማፈን ይስላል። በክርስትናዋም ወለተ ሚካኤል ተባለች እንጂ የቤት ስም አላወጣንላትም።

በነሐሴ ንዳዱ እሷንም ያዛት። አለቃው ፈረንጅ ለገሠሠ ኪኒን ሰጠው፤ በማር በጥብጬ አንቄ አጠጣኋት፤ የምሬቱን ያህል ረገመችኝ። በአራተኛው ቀን ላቧ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ አጎበር አግኝተን ከሥሩ እናስተኛታለን፤ ቤታችንንም ከረግረጉ ዳር ወደ ኮረብታው ወገብ አውጥተነዋል። ስለዚህ ቆላው ይበላል ያሉት እውነት ቢሆንም፣ እኛም እንደበፊቱ እጃችንን አጣጥፈን አልጠበቅነውም።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። በመስከረም ማለቂያ ኑሬ የእርስዎን ቃል ይዞ ገበያ ላይ አገኘኝ። የልጂቱ ዓመት ሊደርስ ነው፣ ኃይለየሱስን ከበቅሎ ጋር መቼ ልስደድ ብለዋል፣ ለመሆኑ ልጅሽ ደኅና ናት ወይ አለኝ። እኔም ልጅ የለኝም አልሁት። ወጉ እንደዚያ በይ ይላል፤ እስከዚህ እውነት ነው። ልጂቱ ደግሞ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ በቡዜ ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር። ኑሬ ያቺን እራፊ ለባሽ አይቶ አሳዘነችውና ከከረጢቱ ቴምር አውጥቶ ሰጣት።

ልጅ የለኝም ስለው ግን ፊቱ ጠቆረ። ሞታለች ብሎ እንደ ተረዳኝ አየሁ፤ እምዬ፣ በግልጽ አየሁ። ቆይ ኑሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ብዬ ጆሮው ላይ ሹክ ማለት ይቻለኝ ነበር። አላልሁም። በቅሎዋ አትመጣም ብዬ ውስጤ ደስ አለው። ዓመቱ ሲሞላ እውነቱን እጽፋለሁ፣ እስከዚያ ምን ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልሁ። እርስዎ ጠጉርዎን ይላጫሉ ብዬ አላሰብሁም። ማሰብ አልፈለግሁም ማለት ይሻላል። ከተጠመቅሁ ወዲህ ከሠራሁት ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ ንስሐ አባቴም እንደዚያው ብለው ጾሙን ከሰው አብልጠው ሰጥተውኛል። ትናንት የገባውን የነቢያትን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም እርስዎን እያሰብሁ ነው። እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ እላለሁ።

አባባ፣ ፍትሐቱ እንዳይቆጭዎ። ለሞቷ ያደረሱት ለዕድሜዋ ይቆጠርላታል።

ዓመቷ የሞላ ዕለት የሆነውን ደግሞ ልንገርዎ፤ ዓመት ሙሉ የታፈነ ምላስ ነውና ይታገሡኝ። ገሠሠ ፈረንጆቹ ልጃቸው ዓመት ሲሞላው ሻማ እያበሩ ይዘፍኑለታል፣ እኛም እናብራ ሲል ሰነበተ። እኛ ሻማ የምናበራው ለታቦት ነው አልሁና ሻማውን ለሚካኤል ወስጄ አበራሁ። ከቅዳሴ መልስ አንድ አሞሌ ጨው በነጠላዬ ጠቅልዬ ልገዛት ቡዜ ቤት ሄድን። ባሏ መርጋ በርጩማው ላይ ተኮፍሶ ዳኛ ሆነ። ቡዜ እንደ ገበያ ሰው ተከራከረችኝ፤ ስገዛት ጥርስ አልነበራትም፣ አሁን ስድስት አላት፣ በዚህ ጨው ጥርሶቿንም አልሸጥልሽ አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ አደረገችላት፤ መርጋም እርጥብ ሣር በእጇ አስይዞ በቋንቋው መረቃት። ልትሰጠኝ እጇን ስትዘረጋ ግን ሳቋ ጠፋና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔ ወግ ብቻ የምናደርስ መስሎኝ ነበር። ለካ ሴት ልጅ ወልዳ አታውቅም፤ ወንዶች ብቻ ናቸው ያሏት።

ተቀብዬ ልጄ አልኋት። ቃሉን ስላልለመድሁት አፌ ላይ ተወለጋገደብኝ። ልጂቱ ግን ከጭኔ ተንሸራታ ወረደችና ቆመች። ቡዜ ኮቱ አለቻት፣ ነይ ማለቷ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ ሄዳ አዮ እያለች ቡዜ ጉልበት ላይ ተለጠፈች፤ አዮ እናት ማለት ነው። የመጀመሪያ እርምጃዋ ይኸው ነው፤ ከእኔ ወደ ሌላ ሴት። ቅናት አልነካኝም ብዬ አልዋሽዎም። ልጅ ተሰጥቶ መቀማት እንዲህ ከሆነ እምዬ የት ይገባሉ ብዬ ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው። በሁለተኛው ቀን ኑሬ መርዶውን ይዞ መጣ።

ኑሬን እጁን ይዤ ቤት አምጥቼ አሳየሁት። ቴምር የሰጠኋት ይህች አይደለችም እንዴ አለና አቅፏት አለቀሰ፤ ከዚያ እኔን ሰደበኝ፤ ደግ አደረገ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ እሱ ነው። ያላመኑኝ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ጥርሷን ቆጥሯል።

እንግዲህ የጨነቀኝ እዚህ ላይ ነው። ትናንት በጀመርሁት ወረቀት ቡዜ ልጂቱ ከአገር እንዳትወጣ ብላ አስምላኛለች ብዬ ጽፌ ነበር። ቀደድሁት። ቡዜ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣትም። እምቢ የምለው እኔው ነኝ። ልጄን አልሰድም፣ እምዬ። የሰጠሁት ቃል ቃል ነው፤ በልቼዋለሁ፤ ቢፈርዱብኝ ይገባኛል። ሁለቱን ከዚህ ከደብሩ አጸድ ሥር አስተኝቼ ሦስተኛዋን በበቅሎ ሸኝቼ ወደ ባዶ ቤት መመለስ አልችልም። ቆላው ቢያስፈራም እኔ አለሁ፤ ኪኒኑ አለ፣ አጎበሩ አለ፣ ቡዜም አለች። እርስዎም እኔን ለማንም አልሰጡም፤ አያቴ ቢለምኑዎ እንኳ እምቢ እንዳሉ ሰምቻለሁ።

ነገር ግን እርስዎን ዓይኗን ሳያዩ አላስቀርም። በጥር ንዳዱ ጋብ ይላል። ጥምቀት እንዳለፈ፣ በጥር አሥራ ሦስት፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ደጅ እንገናኝ። ለእርስዎም ለእኛም እኩሌታ መንገድ ነው፤ ጠበሉም ለጉልበትዎ ይበጃል። ገሠሠ ከአለቃው የአምስት ቀን ፈቃድ ጠይቋል፤ መርጋ በቅሎውን አውሶናል። ልጂቱን እኔው አዝዬ እመጣለሁ። ታቅፈው ወደ ቡልጋ ይዘዋት እንዳይሄዱ እፈራ እንደነበረ አሁን አውቀዋል፤ ቢሆንም በእጅዎ አስቀምጣታለሁ። ሦስት ቀን እንጠብቅዎታለን።

ዓመቷ ካለፈ ወዲህ ገሠሠ ስም እናውጣላት እያለ ይነዘንዘኛል። አይሆንም ብዬዋለሁ። ቡዜ ደራርቱ ማለቷን አትተውም፤ እሱ ለእሷ ይገባታል። የቤት ስሟ ግን የእርስዎ ነው። ልጂቱን ልሰጥዎ አልቻልሁም፤ ስሟን ግን ከእርስዎ በቀር ማንም አያወጣላትም።

አባባን ጉልበታቸውን ስሜ፣ ተቆጥተው ሲያበቁ ይመርቁኝ እላለሁ። ወንድሜ ኃይለየሱስ በቅሎዋን ለእኔ ልጅ ብሎ ቀልቦ ከሆነ አይከፋው፤ እምዬን ጭኖ ያምጣልኝ። ለእህቴ ለሙሉአለም ከዚህ አገር በርበሬ በኑሬ እጅ ልኬያለሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሙልኝ። ገሠሠ እጅ ይነሣል፤ ቡዜና መርጋም የልጃችን አያት እንደምን አሉ ብለዋል። ልጄ እጅዎን ትስማለች፤ እምዬ፣ ስሟን ይዘውላት ይምጡ።

ልጅዎ መሰለች ወንድይራድ

አዳማ፤ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት