የበርሜሉ መልስ

ወንድሜ አለሙ፣

የመጽሐፌን የኋላ ቅጠሎች፣ መልሶቹ ያሉባቸውን፣ ቀድደህ ይዘህብኝ ሄድህ። ይህን ሳልል በሰላምታ ብጀምር ውሸታም እሆናለሁ፤ ስለዚህ አስቀድሜ አልሁት።

አሁን ሰላም ልበልህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የገዳሪፍ ሐሩር አልጎዳህም ወይ? ያ የወባ ትኩሳት ዘንድሮስ ለቀቀህ? ብዙነሽ እንዴት ናት? ልጃችሁስ አደገች ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጉልበቴ ዳገት ጠልቷል እንጂ ዓይኔ ገና ያነባል። ባለቤቴ ትርንጎም ደኅና ናት፤ ባሌ አበደ እያለች ለጎረቤት ሁሉ ከማውራት በቀር ሌላ ሕመም የላትም።

እብደቴ ያው የምታውቀው ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣኸውን የፈረንሳይኛ የሒሳብ መጽሐፍ አልተውሁትም። ስትሰደድ፣ መልሱን አስቀድሜ እያየሁ ሥራውን ወደ እሱ እንደማጣምም ፊት ለፊቴ ነግረኸኝ ነው ቅጠሉን የገነጠልኸው። በሽምግልናዬ ሌባ ተማሪ አደረግኸኝ። ያለ አስተማሪ ባሕረ ሐሳብን የፈታሁትን ሰው!

ኤንቴግራል የሚሉትን ክፍል የጀመርሁት አምና ክረምቱ ሲወጣ ነው። ለአንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ግን እንዴት እንደገባኝ እወቅልኝ። ጠማማ ድንበር ያለውን ነገር በስሱ ትቆርጣለህ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ቀጥ ያለ አስመስለህ ለክተህ ትደምራለህ፤ ከዚያ ቁራጩን እያሳሳህ ስሕተቱን ታከሳዋለህ። ያቺን እንደ ዘንግ የረዘመች፣ ጫፍና ጫፏ የተቆለመመ ምልክት በከሰል ግድግዳው ላይ ስለማበዛት፣ ጎረቤታችን ውዴ በደጅ ባለፈች ቁጥር፣ አባባ፣ ያ የታመመ እባብዎ ዛሬም አልሞተ? ትለኛለች። የነፍስ አባቴም አስማት መስሏቸው ጠበል ይዘው መጡ። እስኪደክማቸው ተከራከርኋቸውና ጠበሉን ራሳቸው ጠጥተውት ሄዱ።

የጥያቄውን አስቸጋሪ ክፍል በሌላ ፊደል ሰይሞ፣ ፈትቶ፣ የቀድሞ ስሙን መመለስ ብዙ አላስቸገረኝም። ሁለት ነገር ሲባዛ አንዱን እያፈረሱ ሌላውን መገንባት ግን ከበደኝ። አንዱ ቢለውጡት ያው ራሱን የሚሆን፣ ሌላው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ጥያቄ ነበር። ሠራሁት፤ ሌላ ሆነ። ደግሜ ሠራሁት፤ የተነሣሁበት ጥያቄ ራሱ ተመልሶ ደጄ ቆመ። መጽሐፉ የቀለደብኝ መስሎኝ ወረወርሁት። በኋላ በሬ ጠምጄ ሳርስ ገባኝ፤ ተመልሶ ከመጣ ከቀድሞው ጎን አቁሞ ለሁለት መክፈል ነው። በሬዎቹን እማሳው ላይ ትቼ ወደ ቤት ሮጥሁ።

ይህን ሁሉ ያለ መልስህ አረጋገጥሁ። የተደመረውን መልሰህ ስትበትነው ጥያቄው ከወጣ ልክ ነህ። በዚህስ ቅጠሉን መቅደድህ ምንም አልጎዳኝም።

ዕረፍት የነሳኝ ሌላ ነው። ባንዳ እህላችንን ሲዘርፍ የሰፈሩ ሰው የዘር ገብሱን በአንድ ጉድጓድ ቀበረ። ቦታውን አልጽፍም። ቆፍሮ የሞላው ፈንታሁን ነበር፤ ስንት ዳውላ እንደገባም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጣሊያኖቹ ለመንገድ ሥራ ወሰዱትና በዚያው ቀረ፤ ነፍሱን ይማር። ከዚያ የዱር ልጆች፣ አርበኞቻችን፣ ራበን፣ አካፍሉን ብለው ላኩ። ብንሰጥ ዘር ይተርፈናል ወይ ብለው ሽማግሌዎቹ ተጨነቁ። እህሉ ሁሉ ወጥቶ እንዳይሰፈር ሜዳው ከጣሊያኖቹ ምሽግ ይታያል። የአክስታችን ልጅ ሙላቴ፣ ያንን እባብህን ጉድጓዱ ውስጥ ስደደውና ይቁጠርልን ብሎ ጉባኤውን አሳቀብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ፈንታሁን ጉድጓድን ሁሉ በአንድ ልክ ነበር የሚቆፍረው፤ በጓሮው ባዶውን የቀረ አንድ አለ። በገመድ ወረድሁበት። ሙላቴ ገመዱን ይዞ ከላይ፣ ሰው ሳይሞት ሲቀበር ዛሬ አየሁ ይላል። በየክንዱ ስፋቱን ለካሁ። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው። ለጎኑ መታጠፍ ቀመር አበጀሁለትና ከወለሉ እስከ አንገቱ በስስ ክብ እየቆረጥሁ ደመርሁት። ሲሶውን ስጡ፣ የቀረው ለዘር ይበቃል አልኋቸው። አምነውኝ ሰጡ።

ከሰጡ ወዲህ መቀመጫ የለኝም። ይህኛው ተበትኖ አይፈተሽም፤ ድምሬ ልክ ቢሆን እንኳ አቆራረጤ ልክ መሆኑን ድምሩ አይነግረኝም። በቅል ሞከርሁ። የቅሉን ውሃ ልኩ በታወቀ ሣጥን ብገለብጠው ከሒሳቤ ጥቂት አነሰ። ጥፋቱ የእጄ ይሁን የመንገዴ አላውቅም። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴው ያልፈኛል። ልጅ ያዘለች ሴት ከሩቅ ሳይ መንገድ እለውጣለሁ። ሰኔ ሲከፈት ዘሩ ካነሰ ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ሰዉም እንደ ማሳው።

በመጽሐፉ ውስጥ፣ ዕቃ ምን ያህል እንደሚይዝ በሚናገረው ምዕራፍ መጨረሻ፣ የአንድ በርሜል ጥያቄ አለ። በጉድጓዱ መንገድ ሠራሁት። መልሱ አንተ ዘንድ ካሉት ቅጠሎች በአንዱ ላይ ነው። ያቺን አንዲት ቁጥር ጻፍልኝ። የእኔን አልጽፍልህም፤ አይተህ፣ አሳዝኜህ፣ ታስማማልኛለህ። ከተስማማን ዝም ብዬ ሰኔን እጠብቃለሁ። ካልተስማማን የእብናት ገበያ ዘር ሳያልቅበት፣ ሰውም በጉን በገብስ ለመለወጥ ጊዜ ሳለው፣ ተሳስቻለሁ ብዬ በጉባኤ እቆማለሁ። ያን ቀን ሙላቴ እንደ ልቡ ይሳቅ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የይፋጉ ነጋዴ ከማል ነው፤ ግንቦት ሳይጋመስ ይመለሳል። የምለምንህን ስነግረው፣ አባባ፣ በርሜሉን ራሱን ጭኜ ባመጣልዎ አይሻልም? አለኝ። ከያዙኝም ወረቀቱን እውጠዋለሁ ብሏል። ቀልደኛ ነው፣ ግን ታማኝ ነው፤ በወጉ አሳርፈው።

ብዙነሽን እናትሽ ደኅና ናቸው በልልኝ፤ ላማቸው ወልዳለች። ለልጅህ ለፈንታነሽ ስሟን እንጂ መልኳን አላውቅምና ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ትርንጎ ደግሞ፣ ወንድሙ ቶሎ ይመልስለትና እሱም ይተኛ፣ እኔም ልተኛ ብላ ሰላም ብላሃለች።

ስለ ቅጠሎቹ ምክንያትህን አትጻፍልኝ፤ ይቅርታም አልጠየቅሁህም። ቁጥሯን ብቻ። ብትስማማም ባትስማማም፣ ይህን ነገር እስክሞት ዳግመኛ አላነሳውም።

ወንድምህ ጌጡ

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.