የአዳም እጅ

ጥር 13፣ ሰኞ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። እጄን የምታሠራልኝ ሚሞዛ በየቀኑ ጥቂት ይጻፉ ብላኛለች፣ ለእጅዎ ይበጃል ብላ። ምን ልጻፍ ብላት፣ የዋሉበትን ነዋ አለች።

የዋልኩበት… በረዶ ጣለ። እህቴ ኤቫንቲያ ምስር ቀቀለች። ማንኪያው ደጋግሞ አመለጠኝ። እንጨት ሊያልቅ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጥር 15

ኤቫንቲያ ሸሚዜን ቆለፈችልኝ። ተቆጣኋት። «እንግዲያው ራስህ ቆልፈው» ብላ ጥላኝ ሄደች። እስከ ምሳ ደረቴን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ጥር 24

ዛሬ ግራዬ ትንሽ ትታዘዛለች። የሆነውን ልጻፈው፣ ለማን እንደሆነ ባላውቅም።

ዕድሜዬን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስሥል ኖርኩ። እስከ ዮአኒና፣ ከዚያም ወዲያ። የገዛ መንደሬን ቅድስት ማሪናን ግን ለመጨረሻ አቆየኋት። ያለፈው በጋ ጀመርኩ። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ትንሣኤን። ክርስቶስ የሲኦልን በሮች ሰብሮ ረግጧቸው ቆሟል። ከእግሩ ሥር ቁልፉ፣ ማጠፊያው፣ ምስማሩ ተበታትኗል። በግራው ሔዋንን፣ በቀኙ አዳምን ከመቃብር ጎትቶ ያወጣል። ሁሉም አልቆ ነበር። ፊቱ፣ ልብሱ፣ ወርቁ። የቀረኝ የክርስቶስ ቀኝ እጅና እሱ የሚይዘው የአዳም እጅ ብቻ። ከሥዕሉ ሁሉ ዋናው እሱ ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ለመጨረሻ የማቆየው።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ጠዋት ርብራቡ ላይ ሆኜ ብሩሹ ወደቀብኝ። ላነሳው ጎንበስ ስል… ቀኝ ጎኔ የለም። አባ ላምብሮስ መብራት ሊያበራ ገብቶ ባያገኘኝ እዚያው ቀርቼ ነበር።

ስትሮክ ነው አሉ። አንደበቴ ተመለሰ። እግሬም ቀስ እያለ። እጄ ግን እምቢ አለ።

ግድግዳው ላይ ክርስቶስ ከክርኑ በታች እጅ የለውም። አዳምም እንደዚሁ። መሃላቸው ነጭ ልስን። እግዚአብሔር ምን ማለቱ ነው? አንድ ሳምንት ቢያቆየኝ ምን ነበረበት?

የካቲት 8

ፎቲስ ሊጠይቀኝ መጣ። ሥጋ ሻጩ ፎቲስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አብሮ አደጌ። ብርቱካን ይዞ። ስለ በረዶው አወራ፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ አማቹ ስንፍና። ሰው ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ያስታውቃል። በመጨረሻ አወጣው። ለፋሲካ ሕዝቡ እጅ የሌለው ክርስቶስ ሥር ቆሞ ማስቀደስ የለበትም። አቴና አንድ ማተሚያ ቤት ተገኝቷል፣ ትንሣኤን በትልቅ ሸራ አትሞ ይልካል። በሙጫ መለጠፍ ብቻ ነው። በአንድ ቀን ያልቃል።

«እኔ የሣልኩት ላይ?» አልኩት።

«ስቴርግዮስ፣ እኔ ምን ላድርግ? እጨርሰዋለሁ በለኝና ልተወው።»

ቀኝ እጄን አየሁት። ጭኔ ላይ ተኝቷል፣ የሰው ዕቃ ይመስል።  ብርቱካኑን ኤቫንቲያ በላችው።

የካቲት 19

ብሩሽ ያዝኩ። በግራዬ። የእንቁላሉን አስኳል ከነጩ እለያለሁ ብዬ ጠረጴዛውን አበላሸሁት፣ ኤቫንቲያ ለየችልኝ። ቀለሙን በአስኳሉ በጠበጥኩ። ጣውላ ላይ እጅ ሣልኩ። ከኋላዬ ቆማ ብዙ አየችው።

«ድንች ነው?»

«እጅ ነው።»

«እንግዲያው ጣት ጨምርበት።»

ሳቅሁ። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ድንች ስሥል ዋልኩ።

የካቲት 27

ድንች።

መጋቢት 2፣ የዐቢይ ጾም መጀመሪያ

ኮረብታው ላይ፣ እንደ በዓሉ ልማድ፣ ሰው ሁሉ የወረቀት ካይት ያበርራል። በመስኮት አየሁ። ኤቫንቲያ ወይራና ሰሊጥ የተነሰነሰበት ጠፍጣፋ ዳቦ አቀረበች። ሚሞዛ በዓል ነው ሳትል መጣች።

ስለሷ አልጻፍኩም እስካሁን። ፊዚዮቴራፒስቴ ናት። አባቷ ከአልባኒያ ተራራውን ተሻግሮ ሲመጣ ሕፃን ነበረች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ጥፍሯ እስከ ሥጋው የተከረከመ፣ ወሬ የማታበዛ። አረጋውያን ስታነሳ፣ ስታስቀምጥ ትውላለች። አንዴ ኤቫንቲያ ሃይማኖቷን ጠይቃት ነበር። እኛ ቤት አምላክ የሚባል አልነበረም፣ አባቴ የለም ተብሎ ነው የተማረው አለቻት። ዝናብ የለም እንደሚባለው።

ዛሬ ቀኝ እጄን ልታነሳ ስትል ላግዛት ብዬ ትከሻዬን፣ አንገቴን፣ ጥርሴን ሳይቀር ወጠርኩ። እጄ ደረቴ ላይ ተቆለፈ። ደግማ ሞከረች። ባሰበት። በመጨረሻ ተወችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«መምህር፣ የሚከብደኝ እርስዎ ሲያግዙኝ ነው። ይልቀቁት። እንደ ሞተ ነገር ይልቀቁልኝ።»

ሞተ ስትል ተናደድኩ። ግን ደክሞኝ ነበር፣ ለቀቅሁት። የእጄን አንጓ ያዘች። መዳፌን አይደለም፣ አንጓዬን። እጄ ብድግ አለ። ከትከሻዬ በላይ ወጣ፣ ጣቶቼ ቁልቁል ተንጠልጥለው።

አየሁት። 

ስንት ግድግዳ ላይ ሣልኩት። ለተማሪዎቼስ ስንቴ ነገርኳቸው… ክርስቶስ አዳምን የያዘው አንጓውን ነው። እጅ ለእጅ የሚጨባበጡ ሁለቱም በሕይወት ያሉ ናቸው። ሙት መልሶ አይጨብጥም። የሚወጣው ስለተያዘ እንጂ ስለያዘ አይደለም። እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ የማውቀው ነገር። የኔ አዳሞች ግን አሁን ሳስባቸው ሁሉም ያግዙ ነበር። ክንዳቸውን ወጥረው፣ ጣታቸውን ዘርግተው፣ ራሳቸው የሚወጡ ይመስል። ሙት እጅ አይቼ አላውቅም ነበርና።

አሁን አለኝ።

ለሚሞዛ ነገርኳት። ሥዕሉ ምን እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደሚይዝ፣ ለምን አንጓውን እንደሆነ። 

«ታዲያ እኔ በየቀኑ የምሠራውን ነዋ የሣሉት» አለች፣ ቦርሳዋን እያነሳች።

መጋቢት 3

ትናንት እሷ ከሄደች በኋላ አለቀስኩ። አልጻፍኩትም ነበር። ሐዘን አይደለም።

መጋቢት 21

አባ ላምብሮስ ከኋላ፣ የፎቲስ አማች ከፊት ሆነው ርብራቡ ላይ አወጡኝ። ፎቲስ የሚለውን ያህል ሰነፍ አይደለም። ሽታው… ኖራ፣ እንቁላል፣ ሻማ። ብሩሼ እዚያው ጥግ ወድቆ ቆየኝ።

የክርስቶስን ጣቶች ጀመርኩ። መስመሩ እባብ ሆነ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ደገምኩ። ጠረግሁት። አባ ላምብሮስ ከታች ሆኖ ምን እንደጎደለኝ ጠየቀኝ። በቃሌ ነው የምሥለው፣ ቃሉን የያዘው ግን ቀኝ እጄ ነበር፣ ግራዬ ምንም አታውቅም አልኩት።

«እንግዲያው እያየህ ሣል» አለ፣ ቀላል ነገር እንደሚናገር ሰው።

የማየው ነገር የለኝም ልለው አሰብኩ። ከዚያ የራሴን እጅ አየሁ።

ሚያዝያ 2

ሸራው ከአቴና ደርሷል። ፎቲስ ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አንጥፎ ዘረጋልኝ። ያምራል። ክፋቱ ያ ነው። ወርቁ ያብለጨልጫል፣ አዳም ጎረምሳ ነው፣ ከመቃብር ሳይሆን ከመታጠቢያ ቤት የወጣ ይመስላል። እንዲህ ብዬ ነገርኩት። ፎቲስ ተቆጣ። ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገረ፦ «እናቴ ከዚህ ፋሲካ በኋላ ሌላ አታይም። ዶክተሩ ነግሮኛል። እጁ የተቆረጠ ክርስቶስ አይታ እንድትሄድ አልፈልግም። ይሄ ነው ጥፋቴ።»

አፈርኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ በኔ ላይ የመጣ አድርጌ ነበር የማየው።

አባ ላምብሮስ አስታረቀን። እስከ አልዓዛር ቅዳሜ፣ እስከ ሆሣዕና ዋዜማ ድረስ እጁ ካለቀ ሸራው ወደ አዳራሹ ይሄዳል። ካላለቀ ፎቲስ ይለጥፋል፣ እኔም ቃል አልናገርም። እሺ አልኩ። ምን አስቤ ነው እሺ ያልኩት?

ሚያዝያ 5

ሚሞዛን ርብራቡ ላይ አብረሽኝ ውጪ አልኳት። አንጓዬን ይዘሽ ከፍ አድርጊልኝ፣ እኔ እያየሁ ልሣል። ሥራ ነው? አለች። ሥራ ነው አልኳት። እንግዲያው እመጣለሁ።

ኤቫንቲያ አልተዋጠላትም። ያልተጠመቀች ሴት ክርስቶስ አጠገብ ወጥታ? ለአባ ላምብሮስ ከሰሰችን። እሱም እስከ ዛሬ ክርስቶስ አጠገብ የወጡት ሁሉ ሳይጠመቁ ነው የጀመሩት፣ ደግሞ ርብራቡ ጣውላ እንጂ መንበር አይደለም ብሎ መለሳት። ኩርፊያዋ እስከ እራት ቆየ። ከዚያ ለሚሞዛ ትራስ ሰፍታ ሰጠችኝ፣ ጣውላው ይቆረቁራታል ብላ።

ሚያዝያ 8

ሦስተኛ ቀናችን። ሚሞዛ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ትቀመጣለች። አንጓዬን ትይዛለች። እኔ አያለሁ፣ እሥላለሁ። አንድ መስመር፣ ዕረፍት። አንድ መስመር፣ ዕረፍት። ክንድሽ አልደከመም ስላት የፎቲስን እናት በየቀኑ ከአልጋ የሚያነሳ ሰው በእርስዎ እጅ አይደክምም ትላለች።

የአዳም እጅ አለቀ። ጣቶቹ ተንጠልጥለዋል፣ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጅማቱ ያበጠ፣ ቆዳው የገረጣ። የኔ እጅ። መስመሩ እዚህም እዚያም ይንቀጠቀጣል። ልጠርገው ጨርቁን አነሳሁና መለስኩት። የሞተ ሰው እጅ ለምን ይሽቀርቀር?

ሚያዝያ 11

የያዘው እጅ ከባዱ ነበር። በቃሌ ቢሆን ረጃጅም፣ ቀጫጭን፣ ንጉሣዊ ጣቶች ነበር የምሥለው። ግን ከፊቴ ያለው የሚሞዛ እጅ ነው። ሰፊ መዳፍ፣ አጭር ጥፍር፣ ሲይዝ የሚነጣ የጣት አንጓ። ያየሁትን ሣልኩ። መጨረሻ ላይ የችንካሩን ቁስል ጨመርኩ።

ከባልዲው ተነስታ ቀርባ አየችው።

«ይሄ የኔ እጅ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ቁስሉስ?»

«እሱ የሱ ነው።»

 ከዚያ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች፣ እንደሚደብቅ ሰው።

ሚያዝያ 12፣ የአልዓዛር ቅዳሜ

ርብራቡ ፈረሰ። መንደሩ ሁሉ መጣ። የኮሚቴው ጸሐፊ አንገቱን አቅንቶ አየና ይሄ የጌታ እጅ ነው የልብስ አጣቢ? አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አባ ላምብሮስ የሐዋርያቱን እግር ያጠበው በየትኛው እጁ መሰለህ አለው። ሳቁ ወደ ጸሐፊው ዞረ።

ፎቲስ እናቱን ኪራ ዞግራፋን ደግፎ አመጣት። ዓይኗ ደክሟል። ግድግዳው ሥር ወንበር አደረጉላት። አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው።  ጳጳስ ፊት እንኳ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«አጥብቆ ነው የያዘው» አለች በመጨረሻ። «አይለቀውም ይሄ።»

ፎቲስ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ትከሻው ሲናወጥ አየሁ። ቆይቶ ተመልሶ መጣ፣ ጥቅሉን ሸራ ራሱ ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ወሰደው። ሲያልፍ ግንባሬን ሳመኝ። ሥጋ ሥጋ ይሸታል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሽልማት አልተሸለምኩም።

ሚያዝያ 17

ኤቫንቲያ እንቁላል ቀይ አቀለመች። ለሚሞዛም ለይታ አስቀመጠች።

ሚያዝያ 19፣ ቀዳም ሥዑር



ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጥቁሩ መጋረጃ ወርዶ ነጩ ተሰቅሏል። መዝሙሩ ሲጀመር አባ ላምብሮስ ከመቅደሱ ወጣ፣ ቅርጫት ሙሉ መዓዛማ የሎሬል ቅጠል ታቅፎ። በዚያ ዕድሜው እየሮጠ፣ በሁላችን ራስ ላይ እየበተነ። ያኔ ሕዝቡ የወንበሩን ታጣፊ እንጨት እያነሳ ይመታ ጀመር፤ ሲኦል ሲሰበር እንዲሰማ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጩኸት ነው። እንደ ዛሬው ግን ሰምቼው አላውቅም። ግድግዳው ተነቃነቀ። ቀና ብዬ አየሁ። የተበታተኑት ቁልፎች፣ የተሰበሩት በሮች፣ በዚያ ሁሉ መሃል ያ የተያዘ እጅ። ጩኸቱ ከሥዕሉ የሚወጣ መሰለኝ። ፎቲስ በሁለት መዳፉ ይደበድባል። ኪራ ዞግራፋ በምርኩዟ ወለሉን። ኤቫንቲያ ድስት ይዛ መጥታለች፣ መቼም የሷ ነገር። እኔም በግራዬ መታሁ፣ እስኪያቃጥለኝ። ሕያው ነኝ… ሕያው ነኝ እያልኩ፣ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ። አይ፣ አውቃለሁ።

ሚሞዛ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ልትሄድ ነው ብዬ ስፈራ ገባች። ባዶ ወንበር አገኘች። እንጨቱን አንስታ መታችው፣ መጀመሪያ ቀስ ብላ። ከዚያ ቀስ ማለቱን ተወችው። ቅጠል ፀጉሯ ላይ ሰፍሯል፣ አላራገፈችውም።

ሲያልቅ አባ ላምብሮስ ላቡን እየጠረገ ወደኔ መጣ። የምዕራቡን ግድግዳ አሳየሁት። ከወለል እስከ ጣሪያ ባዶ ነው። የእመቤታችንን ዕረፍት ልሣልበት አልኩት። ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደኔ አየ። እሱ እኮ ሐዋርያት ሁሉ ያሉበት ነው፣ ስንት እጅ፣ ስንት ፊት፣ በዚህ አያያዝ ስንት ዓመት ሊፈጅ ነው አለ።

«ግራዬ ገና ሕፃን ናት» አልኩት። «ታድጋለች።»

ሳቀ። ፎቲስ ከኋላችን ሰምቶን ኖሮ፣ ጣውላውን እኔ አመጣለሁ አለ። ከዳግም ትንሣኤ ማግስት ርብራቡ ይቆማል።