ብርቄና ባዶው ታክሲ

ሰኞ
አላመኑትም። ወይዘሮ አልማዝ ስምንቱን ገጽ አንድ በአንድ ገልጠው ጨረሱና «ደስ ይላል፤ ግን አላመንኩትም» አሉኝ። የቱ ጋ እንደሆነ ብጠይቃቸው «እሱን እኔም አላወቅኩትም፣ እስከ ዓርብ ፈልጊው» አሉ። የሚያዘጋጁት የኮሚክ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ዓርብ ይዘጋል። ካልደረስን ቦታችን ለሌላ ይሰጣል።

ታሪኩ አጭር ነው። ፍሬኑ የተበጠሰ ታክሲ ወደ ቀበና ድልድይ ቁልቁል ይወርዳል። የጀግናችን የብርቄ ታናሽ ወንድም ውስጡ አለ። ብርቄ ከእንጦጦ ዛፎች መሀል ታየዋለች፣ ሮጣ ትደርሳለች፣ በአንድ መዳፏ ቀጥ ታደርገዋለች። በቃ።

በፊዚክስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ሳይንሱን ከሳትኩት ዲግሪዬን ልመልስ።

ማክሰኞ
አገኘሁት፤ ፊቴን እየታጠብኩ። ታክሲው ድንገት ቀጥ ሲል ውስጡ ያሉት አይቆሙም። በዚያው ፍጥነት ወደ መስታወቱ ይሄዳሉ። ብርቄ ወንድሟን አላዳነችውም፤ ጨርሳዋለች።

ለናቲ ደወልኩ። ሠዓሊው እሱ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ።

«እና ምን ልሳል? ሬሳ?»

«ቀስ ብላ ታቁመው። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች፣ እስከ ድልድዩ።»

«በጫማዋ?»

«ተረከዟ አስፓልቱን ይቅደደው።»

እርሳሱ ወረቀት ላይ ሲጫር ሰማሁ። አስፓልት መቅደዱን እንደወደደው ገባኝ። «ደግሜ ስስል ግን ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አለ።

ረቡዕ
ቁልቁለቱን በእግሬ ወርጄ አየሁት። ቀስ ብሎ ለማቆም ቦታ አለ። መልሼ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ብርቄን አደነቅኳት።

ቤት ገብቼ አንድ ሙሉ ገጽ ማብራሪያ ጻፍኩ። ጉልበቷ ከየት እንደሚመጣ፣ መዳፏ ለምን እንደማይሰበር፣ ስትሮጥ ልብሷ ለምን እንደማይቃጠል። ቀስቶችም አሉት። ናቲ በቴሌግራም አየውና «ይሄ ኮሚክ ነው ማትሪክ?» አለኝ።

እማዬ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሰጠኋት። ማብራሪያዬን ዘለለችው። የብርቄን ሩጫ አይታ አለፈች። ታክሲውን መግፋቷንም። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተመለሰች።

«ይሄ የሾላ ታክሲ ተራ ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አሥራ አንድ ተኩል። የሥራ መውጫ።»

«እና ልጁ ብቻውን መጥቶ ባዶ ታክሲ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀመጠ?»

«እማ፣ ልጅቷ በመዳፏ መኪና አቁማለች እኮ።»

«እሷስ ጉልበት አላት። ሰልፉ የት ሄደ?»

ሳቅኩ። ከዚያ መሳቄን አቆምኩ።

ሐሙስ
ይሄ በስልክ አይነገርም ብዬ ሳምቡሳ ይዤ ናቲ ቤት ሄድኩ። በቃኝ ካለኝ አለቀልን።

«ሰልፍ?» አለ እያኘከ። «ስንት ሰው?»

«ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ። ታክሲውም ትርፍ ይጫን።»

«ገጽ ከየት ይመጣል?»

እሱን መንገድ ላይ ጨርሼ ነው የመጣሁት። የማብራሪያዬን ገጽ ከኮሚኩ አወጣሁት። ቀስቶቹ ብቻ ትንሽ አሳዘኑኝ።

ስሌቱን ግን እንደገና ሠራሁት። ታክሲው ሲሞላ ይከብዳል፤ የብርቄ ተረከዝ ከበፊቱ በጣም የረዘመ መንገድ መቅደድ አለበት። የፊት ጎማው ድልድዩን ሲነካ ነው የሚቆመው። ለካ ባዶው ታክሲ ታሪኩንም አቅልሎት ነበር።

ናቲ ሰልፉን ሲስል ዋለ። እማዬን ከነፌስታሏ አስገባት።

«ሰልፍ የሚጥስም ልጨምር?»

«ስልክ እያወራ።»

ፈገግ አለ። ፊቱ ሲያልቅ አከራዩን መሰለኝ።

ዓርብ
አዲሶቹን ገጾች ይዤ ቢሮ ገባሁ። ወይዘሮ አልማዝ ሰልፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ስልክ የሚያወራው ላይ ጣታቸውን አድርገው «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከፊቴ ገብቷል» አሉ። ገለጡ። ብርቄ ከእንጦጦ በሩጫ ወረደች፤ አልጠየቁም። መዳፏ፤ አልጠየቁም። አስፓልቱ ተቀደደ። መጨረሻው ላይ ብርቄ ወንድሟን አቅፋ ድልድዩ ዳር ተቀምጣለች፣ ተሳፋሪዎቹ ደግሞ ሒሳባችን ይመለስ እያሉ ከረዳቱ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ይሄን ናቲ ነው የጨመረው። ሳቁ።

ወረቀቱን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«አንድ ነገር ግን አለ» አሉ። መሳቢያውን ዘጉት። «ይሄ የተቀደደ አስፓልት በሚቀጥለው እትምም እንዲሁ ይቆይ። ቶሎ ከተጠገነ አላምንም።»

ሾላ ሰልፍ ላይ ቆሜ ለናቲ ደውዬ ነገርኩት።

«ቆይ፣ በሚቀጥለውም አለን ማለት ነው?»

እኔ ስለ አስፓልቱ ሳስብ ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

«መሰለኝ» አልኩት። ሰልፉ ትንሽ ተጠጋ።