ጫማ አይለበስም

የካቲት 4
ሰርካለም ዛሬም «ጫማዬን ለብሼ ወጣሁ» አለች። የልጄ የባህሩ ሚስት ናት፤ ኮሌጅ ጨርሳለች። ምን ሲያስተምሯት ነበር? ጫማ አይለበስም፣ ይደረጋል አልኳት። ቀበቶ ይታጠቁታል። ቀለበት ያጠልቁታል። ሻሽ ያስሩታል። ጋቢ ይደርቡታል።
«ታዲያ እማማ፣ የሚለበሰው ምኑ ነው?»
«ልብስ ነዋ።»
እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

የካቲት 6
እህቴ የትነበርሽ ከአዲ አርቃይ ደወለች። ሳሉ አልለቀቃትም። ጋቢ ደርቤም ይበርደኛል አለች። በየካቲት... እዚያ ቆላ? ግን «ደርቤ» ነው ያለችው። እንደ እኔው ጣቷን በማስመሪያ እየተመታች የተማረች ናት፤ ታማም አትሳሳትም።
ልያት አልኩ። ባህሩ እሑድ ማኪና ፈልጎ ሊወስደኝ ነው።

የካቲት 8
ደወልኩ። አታነሳም። ባህሩ ኔትዎርክ ነው አለ።
ሰርካለም ቀኑን ሙሉ አንድም ቃል አልተሳሳተችም። ስላልተናገረች ነው።

የካቲት 9
ከሰዓት ጋደም ብዬ ነበር። የተኛሁ መስሏት በረንዳ ላይ ስልክ ታወራለች፤ ከወንዴ ጋር፣ ከየትነበርሽ ልጅ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
«እዚያ ሁሉም አዘቅዝቀዋል? እኛ ገና ነን... እማማ እንዳያዩብን።»
ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ ትከሻ ላይ ሲውል ነው አዘቀዘቁ የሚባለው። የሐዘን ነው። ለሁሉም ነገር «ለበሰ» የምትል ልጅ! ምነው ዛሬስ «ለብሰዋል» ብትል? ትክክለኛውን ቃል ከየት አመጣችው... ከእኔ ነዋ። አምና ለጎረቤት ልቅሶ ስንሄድ አርሜያት ነበር።
ቃሉ ልክ ነው። የማርመው የለኝም።
ገብታ «ምነው፣ አልተነሱም?» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው። ይንገሩኝ። ሥርዓቱን ለምን አበላሽባቸዋለሁ?

የካቲት 10
ሳይነጋ ተነስቼ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።
ገቡ። ጎረቤታችን አያ ህሩይ ከፊት፣ ባህሩና ሰርካለም ከኋላ። አያ ህሩይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ... ጥለቱን አዩ። ያሰቡትን ተውት። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብቻ አሉ። ባህሩ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።
ቆይቶ ሰርካለም ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች። ዓይኗ አብጧል።
«እማማ፣ ጫማዎን ይልበሱ። ማኪናው ደርሷል።»
ለበስሁ።